ከባዱ ስፒከር

ባለፈው ሰኔ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛውን ባለ አምፖል የጊታር አምፕሊፋየር ተሸክሞ ቢሮዬ መጣ። ስፒከሩ ተቀድዷል። ምትክ እንዲሆኑት ካገኛቸው ሁለት ስፒከሮች የትኛው እንደሚስማማው ሊጠይቀኝ ነበር። መልሱን ባውቀውም ወዲያው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ወረታ ውስጥ እንዲህ ያለ አምፕሊፋየር የነበረው ደሳለኝ ብቻ ነው። የባለሱቅ ልጅ ነበር፤ ጊታር የተማረው ጎንደር ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ነበርኩ። ማረሻ የሚያሠሩ ገበሬዎች ብረታቸውን ለአባቴ መሬት ላይ ያስቀምጡለት ነበር እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አያቀብሉትም። የቀጥቃጭ ዓይን ያረፈበት ነገር ይጠፋል ይባል ነበርና። ስለዚህ ቤታችን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው፦ አንድ ነገር እንደሚበላሽ ብናውቅ እንኳ «ይበላሻል» ብለን አንናገርም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከብዶ የፎገራ ሜዳ ላይ ውኃው እስከ ኅዳር ተኝቶ ቆየ። የደሳለኝ ስፒከር ወረቀት በእርጥበት ላልቶ ተቀደደ፤ በዱቄት ሙጫ ቢለጥፈው አይጥ በላው። በጥር አጠገባችን ባለችው ቁሐር ሚካኤል ለሚደረግ ሰርግ በጄኔሬተር ሊጫወት ቃል ስለገባ፣ አባቱ ሁለት ምትክ ስፒከሮች አስመጡ። እንዲመርጡ የተጠሩት የሳይንስ መምህራችን እኔን አስከትለው ወደ ሱቁ ሄዱ።

አንደኛው ከትልቅ ሬዲዮ የተፈታ፣ እንደ ሰፌድ ሰፊ፣ ግን ቀላል ነበር። ሌላው ትንሽና የዛገ ሲሆን ከጀርባው ያለው ማግኔት ክንድ ያዝላል። አባቴ ብረትን በመልኩ መርጦ አያውቅም፤ ያነሣዋል። እኔም አነሣኋቸው፤ የተጻፈባቸውንም ቁጥር አነበብኩ። ሰፊው የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ሩቡን እንኳ አይችልም።

መምህሬን ወደ በረንዳው ጠርቼ፣ «ሰፊው ይቃጠላል። እባክዎ እርስዎ ይንገሯቸው፤ ከእኔ አፍ አይውጣ» አልኳቸው።

«ልክ ነሽ፣ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።

ስንመለስ ደሳለኝ ሰፊውን አቅፎታል። «ይኼ ነው! በዚያች ጠባብ አፍ ማን ይጨፍራል?»

መምህሬ የሚኖሩት በባለሱቁ ግቢ ነበር። «ሁለቱም ደህና ናቸው» አሉ።

ያን ጊዜ ሕጋችንን ጣስኩ። «ሰፊው አይችልም፤ ይቃጠላል።»

ባለሱቁ ስፒከሩን በጋቢያቸው ሸፈኑት። «ይችን ማን አስገባት? አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ከአባትሽ ማረሻ ላይ አድርጊ።»

«ሰርጉ ላይ ብቻ እንዳትመጣብን» አለ ደሳለኝ፤ «ሙሽሪቷንም አትምራት።»

መምህሬን አየኋቸው። መደርደሪያው ላይ ያለውን የሳሙና ካርቶን ጽሑፍ ያነብቡ ነበር።

በጥር ጥቁሩ የዋልካ መሬት ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ሰዉ እሸት ሽምብራ እየፈለፈለ ወደ ሰርጉ ሲያልፍ እኔ ቤት ቀረሁ። በሦስተኛው ዘፈን የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሎ ድምፁ ጠፋ። ደሳለኝ ይመለሳል ብሎ ጉልበቱን ቢጨምርበት አምፕሊፋየሩ ራሱ ጨሰ።

በማግስቱ በራችን ላይ ቆሞ ለመንገደኛው ሁሉ፣ «ሰርጉ ላይ እኮ አልነበረችም፤ ከዚህ ሆና ነው የበላችው» ይል ነበር።

ክፍል ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ ጠፋ። አባቴ ለምን እንደተናገርኩ አልጠየቀኝም፤ ልብሴን በአቁማዳ አስሮ ጎንደር ወደምትኖረው አክስቴ ላከኝ። መምህሬ መኪናው ድረስ መጥተው፣ «ነገሩ እስኪበርድ ነው» አሉኝ። አቁማዳዬን ይዤ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ደሳለኝንና አባቱን ዛሬም አልወዳቸውም፤ ነገር ግን የሚናገሩትን ያምኑ ነበር። ያን ቁጥር ማንበብ ያስተማሩኝ ግን መምህሬ ናቸው። በሕይወት ካሉና ይቅርታዬን የሚጠብቁ ከሆነ፣ አልሰጠሁም።

ለወጣቱ ከባዱን መረጥኩለት፤ ምክንያቱንም አስረዳሁት። ዕቃውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል፣ «ጓደኞቼ ማን እንደመረጠው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለኝ።

ስሜን ከነአባቴ ስም እንዲነግራቸው አዘዝኩት።