ለእናኑ ያልመሰከርኩላት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ነፍስ አባቴ በየጾሙ መግቢያ «የቀረ ነገር አለ?» ሲሉኝ «የለም አባቴ» እያልኩ አርጅቻለሁ። ዛሬ ግን ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ፣ እነግርሃለሁ። በእጄ አልጻፍኩትም፤ ለመቅጃ ተናግሬው ሌላ ሰው ገልብጦታል። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል።

እኔ ማንበብ አልችልም። ዛሬም አልችልም። አባቴ በዳባት አካባቢ የተከበሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔ ልጃቸው ፊደል ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ትናንት ያወቅሁት ፊደል ዛሬ ዓይቼው የማላውቅ እንግዳ ይሆንብኛል። በአለንጋ ተሞከረ፣ በጸበል ተሞከረ፣ ወይ ፍንክች። ጆሮዬ ግን የሰማውን አይለቅም። ዳዊትን ከተማሪዎቹ አፍ ለቅሜ፣ መጽሐፉን ዘርግቼ፣ ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ በቃሌ ስወርደው አባቴ እንኳ አላወቁም። ወይም አውቀው ዝም ብለዋል። አሁን የምጠይቃቸው የሉም።

ከዚያ ደርግ መጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም እኛ መንደር ደረሰ። ከጎንደር የተላከው ዘማች ተማሪ የሚያግዘው አስተማሪ ሲፈልግ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «የመሪጌታ ልጅ እያለ ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። አልችልም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዘማቹ መማሪያውን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብልኝ አደረግሁና በጆሮዬ ያዝኩት፤ ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ፊደሉን የሚጽፈው ዘማቹ ነው፤ እኔ የሰማሁትን ተራ ይዤ በዘንግ እየጠቆምኩ ሕዝቡን አስጮኻለሁ። ፊደል ሳላውቅ ፊደል አስተማርኩ። ሳቅህ አልመጣም? እኔ አንዳንዴ ይመጣብኛል።

ከተማሪዎቼ አንዷ እናኑ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ፣ ወንዝ ዳር ያለች ጥሩ የገብስ ማሳዋን እያሳረሰች የምትኖር ሴት። ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፤ ከሁሉ በኋላ ትሄዳለች። መሬቱ ላይ በእንጨት እየጫረች ትለማመዳለች፤ በማግስቱ ግን ያው ጠፍቶባት ይጠብቃታል። ሌላው ሰው ደንቆሮ ናት አለ። እኔ ግን ገና ሳያት አወቅሁ። የእኔው ነገር ነው። በዚያ መንደር ይህን ሊያውቅ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሷም አወቀችብኝ። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሳስተምር፣ ከስሜን ተራራ የሚወርደው ነፋስ የመጽሐፌን ቅጠሎች ገለበጣቸው። እኔ ተማሪዎቹን እያየሁ ስለ በሬ የሚለውን ምንባብ በቃሌ እወርደዋለሁ፤ ፊቴ የተዘረጋው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ግን የውኃ ጉድጓድ ነው። እናኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች፣ አንገቷን ደፋች። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብላ «አንተም?» አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኳት። ለማንም አልተናገረችብኝም።

ሊቀመንበሩ ያቺን ማሳ ለወንድሙ ይመኛት ነበር። ሰበብ አጥቶ እንጂ። ፈተናው መጣና እናኑ ወደቀች፤ ሰበቡም ተገኘ። ሆን ብላ አልማርም አለች፣ አብዮቱን ናቀች ተብላ ፍርድ ሸንጎ እንድትቀርብ ተጠራች። ከተፈረደባት ማሳዋ ይሄዳል፤ በምትኩ ዳገት ላይ ያለ ድንጋያም ቁራጭ ይሰጣታል። ይህንን አገር ምድሩ ያውቅ ነበር።

ከሸንጎው በፊት ቤቴ ድረስ መጣች። «ወንድምዓለም፣ አንተ አፍ አለህ» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ በልልኝ። ለፍታ አልሆነላትም፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ፣ እኔም አልችልም በልልኝ። አንተ ካላልከው እኔን ማን ያምነኛል?»

«አይዞሽ እናኑ፣ ለእኔ ተዪው» አልኳት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ያኔ ልናገርላት ቆርጬ ነበር ብዬ ልዋሽህ እችላለሁ። እውነቱ ግን ቶሎ እንድትሄድልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ሸንጎው በማኅበሩ መጋዘን ግቢ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ብዙ አላወራም። «መምህሩ ይንገረን» አለ። «አልቻለችም? ወይስ አልፈለገችም?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናኑም።

«አልፈለገችም» አልኩ።

ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። ማንም አላስፈራራኝም። እውነቱን ብናገር ምን ይመጣብኝ ነበር? መታሰር ይመጣ ይሆናል፤ ግን እኔን ያስጨነቀኝ እስሩ አልነበረም። ሳቁ ነው። የመሪጌታ ልጅ፣ ሳያነብ የሚያስነብብ! ከዚያ ሳቅ ለመዳን አልፈለገችም አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት። ያኔ አፏን ብትከፍት አልቆልኝ ነበር። ነፋሱን አንስታ፣ መጽሐፉን አንስታ ብትናገር፣ አንድ ገጽ አንብብ ብትለኝ በቃ።

«መምህሬ ካለ እኔ ምን እላለሁ» አለች።

ማሳዋ ሄደ። ድንጋያሙ ቁራጭ አላበላ ሲላት ዕቃዋን በጭነት መኪና ጭና፣ ሊማሊሞን ወርዳ፣ ቆላ ወዳሉ ዘመዶቿ ሄደች። አልሸኘኋትም።

እኔስ? እኔማ አማረብኝ። አነጋገሬ ተወርቶልኝ ደባርቅ ገባሁ፤ ነገረ ፈጅ ሆንኩ። ወረቀት ሲመጣ ማመልከቻ ጸሐፊውን «ዓይኔን ያመኛል፣ እስቲ አሰማኝ» እለዋለሁ፤ አንዴ ከሰማሁት ዳኛ ፊት አንዲት ቃል ሳልስት እወርደዋለሁ። የስንቱን ድሀ መሬት አስመልሻለሁ። በእናኑ ፈንታ ነው እንዳትለኝ። ንስሐ አልነበረም። ሥራው ስለሚሆንልኝና ስለምወደው ነው።

ደርግ ሳይወድቅ፣ ደባርቅ ገበያ ውስጥ ተገናኘን። በርበሬ ይዛ ከቆላ ወጥታለች፤ ፀሐይ አጥቁሯታል። «መምህር! እንደምን ከረምህ?» ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ማንበቡ ሆነልህ?» አለችኝ። ተንኮል የለባትም፤ ሕመምተኛ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ደንበኞቼ እንዳይሰሙኝ ዞር ዞር ብዬ አካባቢውን አየሁ።

«አዎ፣ ሆነልኝ» አልኳት።

«እሰይ! ተመስገን!» ፊቷ በራ። በርበሬዋን እያስተካከለች ግን «እንግዲያማ ያኔ እውነትህን ነበር» አለች። «አንተ ለፍተህ ካገኘኸው፣ እኔ ሳልፈልግ ቀርቼ ነዋ። ሰነፍ ነኝ መሰለኝ።» ይህን ብላ ሁለት እፍኝ በርበሬ ቋጥራ «ለቤትህ» ብላ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። ቤቴም ወስጄ በላሁት።

ችግሬ ስም እንዳለው፣ ስንፍናም እርግማንም እንዳልሆነ የሰማሁት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው። ያኔ እናኑን አፈላልጌ ሰው ብልክ ሞታለች አሉኝ። ዛሬ አለመቻሌን መደበቅ ትቼ፣ ፊደል ለማይያዝላቸው ልጆች እከራከራለሁ። ወላጆች ይጠሩኛል፣ መምህራን ይሰበሰቡልኛል። መድረክ ላይ ወጥቼ «እኔም አልችልም» ስል አዳራሹ ያጨበጭባል፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ደፋር ይሉኛል። እናኑ የለመነችኝ ይህችኑ ነበር። በጭብጨባ ፊት አይደለም፤ በዚያ መጋዘን ግቢ፣ ማሳዋ ሳይሄድ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር የምትለኝ አንተ አይደለህም። ሰነፍ ነኝ ብላ አምና ነው የሞተችው። ስለዚህ ቃሌን ብቻ ተቀበለኝ። በዚያ ሸንጎ የሰጠሁት ምስክርነት ሐሰት ነው። እናኑ ፈልጋ ነበር።