ወንዴ መሐንዲስ የሆነበት ሰሞን

ወንዴ መሐንዲስ የሆነው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው፤ እሱ ግን በሰዓቱ አልሰማም። ጎንደር አራዳ፣ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የሪሞት ባትሪ ይሸጥ ነበር። መሐንዲስ ያደረጉት አጎቱ አያ ዋኘው ናቸው፤ ያውም ዩኒቨርሲቲ ሳያስገቡ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ወንዴ ከጎንደር አጠገብ ያለችው የጠዳ ልጅ ነው። አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ከአንዲት በር ሱቁ ባትሪ፣ አምፖልና ቻርጀር እየሸጠ የሚኖር፣ የሰው ፊት ቀና ብሎ ማየት የሚያፍር ሰው። ከሱቁ ፊት ለፊት ናዝራዊት የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ "እንደምን አደርሽ" ሲላት ከርሞ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት "እንደምን አደርሽ፣ ላግባሽ እንዴ?" አላት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ሽማግሌ ላክ" አለችው። አለቀ። እንዲህ ያለ ቁጥብ ፍቅር ጎንደር ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ሽማግሌ ተላከ። አያ ዋኘው ከጠዳ መጡ፤ መሪጌታ ህሩይ ከደብራቸው ተለመኑ፤ ሦስተኛው ለቁጥር ማሟያ የተጨመሩ፣ በተቀመጡበት የሚያንቀላፉ የሠፈር አዛውንት ናቸው። የናዝራዊት አባት አቶ አድማሴ ተቀበሏቸው። ሽማግሎቹ እንደ ደንቡ ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" አሉ። አቶ አድማሴም እንደ ደንቡ "ለመሆኑ ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

እስቲ አሁን "ባትሪ ይሸጣል" ቢሉ ምን ነበረበት? ባትሪ መሸጥ ነውር ነው? ግን ለትዳር የተላከ ሽማግሌ ልጁን ትንሽ ማሳመር አለበት፤ አንድ በሬ ያለው ጥማድ አለው ይባላል፣ ድምፁ የሻከረው ዲያቆን ማሕሌት አሳማሪ ይባላል። አያ ዋኘው ግን ማሳመሩን አበዙት። "የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነው! እጁ ነክቶት ያልተነሣ ዕቃ የለም" አሉ። መሪጌታ ሳል ያዛቸው።

የአቶ አድማሴ ዓይን በራ። "እንግዲያውስ ፍሊፐሬን ያስነሣልኝ። ፍሊፐሬ የተነሣ ዕለት ልጄን ውሰዱ።"

ይህ ፍሊፐር የሚሉት ባለ አራት እግር፣ በመስታወት የተሸፈነ ሣጥን ነው። የብረት ኳስ ውስጡ ትሮጣለች፤ ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ በሁለት ትናንሽ መቅዘፊያዎች መልሶ ይመታታል፤ ደወል ይጮኻል፣ መብራት ይንቦገቦጋል። ድሮ የአቶ አድማሴን የፊት ክፍል የተከራየ አንድ ሰው አምጥቶት የሠፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ይሰለፍበት ነበር። አቶ አድማሴ በመስኮት እያዩ ይጎመዣሉ። ግን የሰበካ ጉባኤ አባል፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ከጎረምሳ ጋር ተሰልፈው ኳስ ያባርሩ? አፈሩ። ተከራዩ አንድ ቀን ዕቃውን ትቶ ሲጠፋ "እንግዲህ የእኔ ነው" ብለው፣ በሩን ዘግተው ቢነኩት ዝም። ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ናዝራዊት ተወልዳ፣ አድጋ፣ ልብስ ሰፊ ሆናለች፤ የአባቷ ቁጭት ግን ትናንት ያደረ ነው የሚመስል።

አያ ዋኘው ወደ ሱቁ መጡ። "መሐንዲስ ሆነሃል" አሉት።

"የምን?"

"የኤሌክትሮኒክስ። እኔ እንጃ፣ አፌ ላይ መጣ።"

"ምነው አያ ዋኘው! እኔ እኮ አምፖል ስቀይር እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው!"

"ታዲያ ጨፍነህ ሥራዋ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰው? ሽማግሌ ዋሸ ከተባለ የሽምግልናው ነገር አበቃ። ሁዳዴ ሊገባ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም፤ ከአዘዞም አንድ ባለ መኪና ነጋዴ ለናዝራዊት ሽማግሌ ሊልክ ነው ይባላል። ናዝራዊት ከማዶ ሆና "መሐንዲስ መሆንህን ዛሬ ሰማሁ፤ ምነው ደበቅኸኝ?" አለችው። ሳቅ የለበትም።

በማግስቱ አቶ አድማሴ ቤት ሄዶ የፍሊፐሩን ጀርባ ከፈተው። ወይ ጉድ! ሽቦው የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ይመስላል። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ፈልጎ ከፈተ፤ አንድ ፈረንጅ በማያውቀው ቋንቋ እያወራ ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ነቀለ። ወንዴም ነቀለ። ከቪዲዮው የገባው ይህ ብቻ ነው።

ሽማግሎቹም አልቀሩ። የጀመሩትን ነገር ሳይጨርሱ መተው ነውር ስለሆነ፣ በየቀኑ ጋቢያቸውን ለብሰው እየመጡ አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። እሺ ሳይባሉ ደግሞ ከዚያ ቤት እህል አይቀምሱም። አቶ አድማሴ ተንኮለኛ ናቸው፤ ጥብሱን እፊታቸው አስቀርበው፣ እየጎረሱ "አይዟችሁ፣ በርቱ" ይሏቸዋል።

መሪጌታ ህሩይ ዕድሜ ልካቸውን የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸውና ሌላ መንገድ አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከእነዚህ ውስጥ መጀመሪያ የተጣላው ማን ነው?"

"ከምኖቹ ውስጥ?" አለ ወንዴ።

"ከነዚህ ከሽቦዎቹ። መብራቱ በማን በኩል ይገባል?"

"በዚህ ወፍራሙ።"

"እንግዲያው አስቀድሞ እሱ ይጠየቅ።"

ወፍራሙ ሽቦ ተጠየቀ። ጣት በጣት ተከትለውት ሄዱ፤ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ ተገኘ፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ተበጥሷል። "ይኸው ኩርፈኛው!" ብለው አያ ዋኘው ጭናቸውን መቱ። ወንዴ ደስ ብሎት ፊውዙን በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ሊመልሰው ሲል መሪጌታ እጁን ያዙት። "ይህ ጉቦ ነው። በጉቦ የታረቀ ቤት ያቃጥላል።" እውነትም ቤት ያቃጥላል! ትክክለኛው ፊውዝ ተፈልጎ ገባ።

ሶኬቱ ተሰካ። መብራቱ አንዴ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ደወሉ ጀመረ። ማንም ሳይነካው ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ አያቆምም። ያንቀላፉት ሽማግሌ ነቅተው አማተቡና "ቅዳሴ ገባ እንዴ?" ብለው ጫማቸውን ፈለጉ።

"ይህ ሐሰተኛ ከሳሽ ነው። ማንም ሳይመታው አቤት የሚል አለ፤ ፈልጉት" አሉ መሪጌታ። ወንዴ ኳሷ የምትነካቸውን ቦታዎች ሁሉ ከሥራቸው አንድ በአንድ አየ። እያንዳንዱ ጋ ሁለት ስስ ብረቶች አሉ፤ ኳሷ ስትመታቸው ይነካካሉ፣ ያን ጊዜ ደወሉ ይጮኻል። አንዱ ጋ ሁለቱ ብረቶች ተጎንብሰው፣ ተቃቅፈው ቀርተዋል። በጥፍሩ ለያያቸው። ጸጥ አለ። አያ ዋኘው "ሸጋ! መሐንዲስ አላልሁም?" ብለው ተንጠራሩ። ገና ብዙ ቀርቷል፤ የሳቸው ቃል ግን ተፈጽሟል።

ቀኝ መቅዘፊያው አልሰማም አለ። ሽቦው ከሥሩ ተነቅሏል። ወንዴ ሽቦ በቀለጠ እርሳስ የሚለጥፉበት ካውያ ተውሶ፣ ከዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘ። መጀመሪያ የለጠፈው ሱሪውን፣ ቀጥሎ ሽቦውን ነው። ናዝራዊት አንድ ቃል ሳትናገር ጣፈችለት፤ ዝምታዋ ከካውያው ይልቅ አቃጠለው። ምን ያድርግ? "አልችልም" ቢል አጎቱን ያዋርዳል፤ ቢችልም ውሸታም ሆኖ ነው የሚያገባት።

ነጥብ ከሚቆጠርበት ከላይኛው ሣጥን ውስጥ ያለው ሰሌዳ ሲከፈት ግን አረንጓዴ ዝገት የለበሰ አሮጌ ባትሪ አገኘ። ፈልቶ ፈስሶ ዙሪያውን በልቶታል። በዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል የሚያውቀው ዘመድ ያገኘ መሰለው። አውጥቶ ጣለው፤ ዝገቱን በአቼቶ አጠበው፤ አደረቀው፤ ከሱቁ አዲስ አምጥቶ ተካ። መሪጌታ ባትሪውን አንሥተው አገላብጠው እያዩ ስለ ትዕግሥት ረጅም ትምህርት ሰጡ። ባትሪው ታገሠ ወይስ አልታገሠም የሚለው ላይ ከአያ ዋኘው ጋር ተጣሉ፤ እነሱን ማስታረቅ ደግሞ ግማሽ ቀን ፈጀ።

የቅበላ እሑድ ደረሰ። ነገ ሁዳዴ ነው። ወንዴ ሶኬቱን ሰካ። ፍሊፐሩ ከእግሩ እስከ ራሱ በራ! ቁጥሮቹ ዜሮ ዜሮ አሉ፤ ኳሷ ብቅ አለች። አቶ አድማሴ ነጠላቸውን ጣሉ። ሰባ ያለፋቸው ሰው እንደ ጎረምሳ እግራቸውን ከፍተው ቆሙና መቱ። ደወሉ ጮኸ። "እሰይ!" አሉ። እንደገና መቱ። እንባቸው መጣ። ሽማግሎቹ ተነሥተው ከበቧቸው። ኳሷ በሁለቱ መቅዘፊያዎች መካከል ልትሾልክ ስትል አቶ አድማሴ "ወዴት?" ብለው ሣጥኑን በዳሌያቸው ገፉት።

ድርግም! መቅዘፊያው ሞተ፤ ደወሉ ሞተ፤ ኳሷ አንዲት ጥግ ላይ ተሸጉጣ ቀረች። መስታወቱ ላይ አንድ የፈረንጅ ቃል ብቻ ቀይ ሆኖ በራ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አሉ አቶ አድማሴ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል።

"ቲልት" ብሎ አነበበ ወንዴ። ሣጥኑን የገፋ ተጫዋች ያችን ኳስ በቅጣት እንደሚያጣ በቤቱ የሚያውቅ የለም።

"ቲልት ማለት ምን ማለት ነው?"

አያ ዋኘው አላመነቱም። "ደክሞኛል ማለት ነው።"

"የለም፣ የለም፤ ተፈጸመ ማለት ነው" አሉ መሪጌታ።

"እኔን ብትሰሙ ግን የሠሪው ስም ነው" አሉ እንቅልፋሙ ሽማግሌ።

አቶ አድማሴ ወደ ወንዴ ዞሩ። "መሐንዲሱ አንተ ነህ። ምን ሆነ?"

ወንዴ ፊውዙ ነው ሊል አፉን ከፈተ። ናዝራዊት በሩ ላይ ቆማለች። አፉን ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ።

"አላውቅም" አለ። "አባቴ፣ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ባትሪ ነው የምሸጥ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ይመለስ እንደሆነም አላውቅም።"

ሽማግሎቹ ወደ አግዳሚው ተመልሰው ተቀመጡ። አያ ዋኘው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

ናዝራዊት ገባችና እወንዴ አጠገብ ቆመች። "አባዬ፣ እኔ ይህን ሰው አገባዋለሁ።"

"ሳይሠራልኝ?"

"ሳይሠራልዎ። ከተወለድሁ ጀምሮ በዚህ ቤት አላውቅም ያለ ወንድ ዛሬ ገና ሰማሁ።"

አቶ አድማሴ አንድ በአንድ ሽማግሎቹን አዩ። ሽማግሎቹ ወለሉን አዩ። "አያ ዋኘው፣ ዋሽተውኛል" አሉ።

"አዎን" አሉ አያ ዋኘው ከጋቢው ውስጥ። ቆዩና፣ "ቲልትንም አላውቀውም" አሉ።

አቶ አድማሴ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። እስኪያነቡ ሳቁ። "በሉ ተነሡ፣ ልመርቃችሁ፤ ሠርጉ ለፋሲካ ይደርሳል" አሉ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ፤ ሦስቱ ሽማግሎች ሲነሡ አሮጌው የጣውላ ወለል ረገበ፤ የተሸጎጠችው ኳስ ተንከባልላ ወረደች፤ ፍሊፐሩም በራሱ ጊዜ ቦግ ብሎ ሌላ ኳስ አቀረበ።

አቶ አድማሴ "ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ..." እያሉ ነበር። ዓይናቸው ሄደ። "የቀረውን መሪጌታ ይጨርሱት" አሉና ሮጡ።

መሪጌታም ቀጠሉ። እሳቸው ሲመርቁ ደወሉ ይጮኻል፤ አቶ አድማሴ ዓይናቸውን ከኳሷ ሳያነሡ፣ ከሁሉም አብልጠው "አሜን!" ይላሉ። ወንዴ እንደተንበረከከ አለቀሰ። ደስ ብሎት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።