ላብ ያሰመጠው ግድግዳ

ከቢቸና የወጣሁት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ገደማ። ባለቤቴ የሻረግ ገና አራስ ነበረች። ልጃችን ትዕግሥት ሦስት ወሯ ነው። የሻረግ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ቅቤ የጠጣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እያጠባች ነበር። «ስድስት ወር ነው፤ ቢበዛ ዓመት» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ካገባኋት ጀምሮ ሳትከራከር እሺ ብላኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አልተከራከረችኝም። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ፤ ትንሽ ብቆይ እንደምቀር አውቀዋለሁና።

አውቶቡሱ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ አደረሰን። እዚያ አያሌው ተሳፈረ። አያሌው የሞጣ ልጅ ነው፤ ሙያው ቀለም ቀቢ። መድረሻችንን ሳንነጋገር ተዋወቅን፤ ሁለታችንም ለአንድ ቀን መንገደኛ የማይሆን ልብስ ደራርበን ነበር። ይዞት የነበረውን የሞጣ ማር ጎንደር ሳንደርስ ጨረስነው። ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩ። ባሕሩን አልጽፍም። የተሻገረው ያውቀዋል፤ ሳይሻገር የቀረው ደግሞ እናቱ ይህን ታነበው ይሆናል።

ኑሮ ያደላደለን ቶሪኖ የምትባል የጣልያን ከተማ ናት። ብርዷን ልንገራችሁ ብል የጮቄን ብርድ የምታውቁ ትስቁብኛላችሁ። የጮቄ ብርድ ግን ይመታህና ፀሐይ ሲወጣ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ የዚህ አገሩ ገብቶ ይቀመጣል። ጉሙ የዓባይን ሸለቆ ጉም ይመስላል፤ ልዩነቱ እስከ ምሳ ሰዓት አለመነሣቱ ነው። ፖሌንታ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ መሀሉን አጎድጉደው ቅቤና በርበሬ አያደርጉበትም። ምነው ብዬ ስጠይቅ «ለምን?» አሉኝ።

ስድስቱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። በመጨረሻ መኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ፤ ምግብ ቤት ውስጥ ሳሕን አጣቢነት ተቀጠርሁ፤ ሲኞራ ፍራንካ ከሚባሉ ባልቴት ሁለት ክፍል ተከራየሁ። ያን ጊዜ ሚስቴንና ልጄን ማስመጣት እንደምችል ተነገረኝ። አንድ ወረቀት ብቻ ይቀራል፤ ቤቱ ለሦስት ሰው እንደሚበቃና ለጤና እንደሚስማማ የሚመሰክር። ወረቀቱን የሚሰጠው ቤቱን መጥቶ የሚያይ መርማሪ ነው። ያ ወረቀት ከሌለ ማመልከቻው ይወድቃል፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። እንደገና መጀመር ማለት ለእኔ ልጄ ስምንት ዓመት ሞልቷት ማለት ነው።

ስለዚህ ቤቱን ማሳመር ነበረብኝ። ሲኞራ ፍራንካን ስጠይቃቸው «ቀባው» አሉኝ። «ግን ቢያንኮ፣ ኦፓኮ!» ቢያንኮ ነጭ ነው። ኦፓኮ ደግሞ የማያብለጨልጭ፣ ድፍን ያለ ቀለም። እሺ ብዬ ቀለም ቤት ሄድሁ። ሻጩ ሦስት ቁራጭ ጣውላ አወጣልኝ፤ ኦፓኮ፣ ሳቲናቶ፣ ሉቺዶ። ኦፓኮው እንደ ዱቄት ነው። ሳቲናቶው መለስተኛ ወዝ አለው። ሉቺዶው ፊቴን አሳየኝ።

እናንት የቢቸና ሰዎች፣ እስቲ አትፍረዱብኝ። እኔ ያደግሁበት ቤት ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። በልጅነቴ ካየሁት ግድግዳ ሁሉ ያማረው የጤና ጣቢያው ነበር፤ እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ነጋዴዎቹም ሳሎናቸውን እንዲሁ ያስቀቡ ነበር፤ ምክንያቱም እንግዳ ይመጣል፣ እንግዳ ይደገፋል፣ ሴቱ ሁሉ ደግሞ ቅቤ ተቀብቷል። የዘይት ቀለም በጨርቅ ጠረግ ሲደረግ ንጹሕ ነው። በሌላ ግድግዳ ላይ ግን ከመደቡ በላይ ተደርድሮ የሚታየው ክብ ክብ ቅባት ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራል። የሻረግ መጥታ ነጭ ኦፓኮ ላይ ራሷን ስታስደግፍ፣ ሲኞራ ፍራንካም ያንን ሲያዩ ታየኝ። «ሉቺዶ» አልሁት ሻጩን። «ለመኝታ ቤት?» አለ። «ለመኝታ ቤት። አረንጓዴ።»

በሁለት ቀን ጨረስሁት። አያሌውን እንኳ አላማከርሁም፤ እሱ በከተማው ማዶ ይኖራል፣ አሁንም ቀለም ነው የሚቀባ፤ ላስደንቀው ፈልጌ ነበር። ፎቶ አንስቼ፣ የሻረግ እንድታየው፣ በጎረቤቷ ልጅ ስልክ ላክሁ። ሲኞራ ፍራንካ ሲያዩት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። «ይህ መኝታ ቤት ነው ወይስ የቀዶ ጥገና ክፍል?» አሉኝ። እኔ ምስጋና መስሎኝ «ግራትሲየ» አልኋቸው።

ክረምታቸው ገባ። መስኮት ዘግቼ እቀቅላለሁ፣ ልብስ አጥቤ ውስጥ አሰጣለሁ። አንድ ጠዋት ስነሣ ግድግዳው ላብ አሰምጦታል። ጠረግሁት። ማግስቱንም ጠረግሁት፤ ይታጠባል ብዬ አይደል የቀባሁት! ከሳምንታት በኋላ ቀለሙ እንደ እሳት ቁስል አብጦ መሰነጣጠቅ ያዘ፤ ጥጉ ላይም ጥቁር ሻጋታ ወጣ። እነሱ ሙፋ ይሉታል። መርማሪው የመጣው ልክ በዚያ ሳምንት ነው።

ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጣቱን ግድግዳው ላይ አስኬደና የረጠበውን ጣቱን ተመለከተው።

«እዚህ ስንት ሰው ነው የሚተነፍሰው?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያማ ሦስት ስትሆኑ ዝናብ ሊጥል ነው። ማነው እንዲህ የቀባው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንዲታጠብ።»

«ታጥቧል» አለና ጻፈ።

በዚያች ጣልያንኛዬ ሚስቴን ነገርሁት፣ ልጄን ነገርሁት፣ ስድስት ዓመቱን ነገርሁት። እስክጨርስ ሰማኝ፤ እሱ የሚጽፈው ግን ስለ ግድግዳው ነበር። «በሃያ ቀን እመለሳለሁ» አለኝ። «ያኔ ይህ ክፍል ደረቅ ከሆነ እፈርምልዎታለሁ።»

አያሌውን ጠራሁት። ክፍሉ መሀል ቆሞ ዙሪያውን አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። «ወንድሜ፣ እኔ ሞቼ ነው ሳታማክረኝ የቀባኸው? ይኸ ግድግዳ ወደ ውጭ ነው፤ በረዶ ነው። እንፋሎትህ ሄዶ እሱ ላይ ያርፋል። የዘይት ቀለም ደግሞ ላስቲክ ማለት ነው፤ አይመጥጠው፣ አያሳልፈው። ፋቀው። እስከ ልስኑ ድረስ ፋቀው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካልቼ ነው።»

ካልቼ ምን መሰላችሁ? ኖራ! የእኛው ኖራ! እኛ አገር ባለሥልጣን ይመጣል ሲባል የመንገድ ዳር ድንጋይና የባሕር ዛፍ ግንድ የሚቀባው፣ ሽንት ቤት የሚቀባው ኖራ። ሰሐራን አቋርጬ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ሚስቴን ኖራ የተቀባ ክፍል ላስተኛ? አያሌውን አልሰማም አልሁት። ሲኞራ ፍራንካ ድምፃችንን ሰምተው ገቡና ነገሩን ሲረዱ ደስ አላቸው። «የአባቴም ቤት ካልቼ ነበር» አሉ። «ይተነፍሳል፤ ሙፋ አይወድደውም። እኔ ኦፓኮ ስልህ ምን ነበር ያስፈራህ?»

ምን ላድርግ፣ እውነቱን ተናገርሁ። «ሚስቴ ራሷን ቅቤ ትቀባለች። ግድግዳዎ ይበላሻል ብዬ ነው።»

«ቅቤ? ዳቦ ላይ የሚደረገውን?»

«አዎ።»

«ራሷ ላይ?»

«አዎ፣ ሲኞራ።»

የሣሣ ፀጉራቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ያሳምራል?» አሉኝ።

«በጣም።»

«እንግዲያው ትምጣ። ቅቤ ቢነካውም ኖራ በየዓመቱ ይደገማል፤ ያባትህ ዕዳ አይደለም» አሉኝ፤ ማለቴ እሳቸው በጣልያንኛ ያሉትን እኔ በእኛ ስሰማው እንዲህ ነው የሚመጣልኝ።

የቀረችው የሻረግ ናት። ያን የሚያብለጨልጭ ፎቶ ጎረቤት ሁሉ አይቶታል፤ አማቴ ሳይቀሩ መርቀውኛል። እየተንተባተብሁ ደውዬ ነገርኋት፤ ቀለሙ ተበላሸ፣ ወረቀቱ ዘገየብኝ፣ አሁን የምቀባው ኖራ ነው፣ ብታፍሪብኝም አልፈርድብሽም።

«አንተዬ» አለችኝ፤ «ያን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ታውቃለህ?»

«ቀለሙ አምሮ ነበራ።»

«ምን ቀለም አመጣህብኝ! ጥላህ እንኳ ወድቆበት እንደሆነ ብዬ ነው። ግድግዳ ላክህልኝ፤ ፊትህን አልላክህልኝም።»

ስልኩን ይዤ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። ለጎረቤት ሳስብ፣ ለአማቴ ሳስብ፣ ለሲኞራ ፍራንካ ሳስብ፣ የሻረግ ማየት የፈለገችውን አንዲት ነገር ረስቻት ነበር። ያን ዕለት በተላጠው ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ አቧራ እንደለበስሁ ፎቶ ተነሣሁና ላክሁላት።

ከሥራ መልስ ሁልጊዜ ፋቅሁ። በመፋቂያና በብርጭቆ ወረቀት ክንዴ እስኪደነዝዝ ፋቅሁ። እሑድ እሑድ አያሌው ይመጣል፤ የሞጣና የቢቸናን ማር እያወዳደርን እንፍቃለን፤ ቢቸና ማር የላትም፣ ጤፍ ነው ያላት ይለኛል፤ ማር ያለጤፍ ምን ሊሆን ነው እለዋለሁ። ኖራውን በስሱ፣ ሦስት ጊዜ ደራርበን ቀባነው። መጀመሪያ ውሃ መስሎ አስደነገጠኝ። ሲደርቅ ነጣ። እያደር ነጣ። ቤቱ የሰፋ መሰለኝ።

በሃያኛው ቀን መርማሪው መጣ። መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆየ፤ ጥጉን በባትሪ አየ፤ እኔ ትንፋሼን ውጬአለሁ። «ይተንፍሱ እንጂ» አለኝ፤ «አሁን ግድግዳው ይችላል።» ፈረመ።

ማመልከቻው አለፈ፤ አሁን ጉዳዩ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ነው፤ ለቀጠሮ ትጠራላችሁ ተብለው የሻረግና ትዕግሥት ይጠብቃሉ። ሦስት ወር የሚል አለ፣ ዓመት የሚልም አለ። እኔ ሥራ አልፈታሁም፤ የልጅቱን አልጋ ከውስጠኛው ግድግዳ አጠገብ አድርጌዋለሁ። ያ ግድግዳ በሁለቱ ክፍሎች መሀል ስለሆነ አይቀዘቅዝም፤ አያልበውም። አያሌው «እዚህማ ሳቲናቶ ይሁን» አለ። «የልጅ እጅ ነው፤ ወጥ አለ፣ እስክርቢቶ አለ፤ ታጥበዋለህ። ግን እስከ ላይ አያስፈልግም፣ እጇ እስከሚደርስበት ብቻ። ልጅህ እስከየት ትደርሳለች?»

እርሳሱን እንደያዝሁ ግድግዳውን አየሁ። ጉልበቴ ጋ ነው? ወገቤ ጋ? የማውቀው በአንድ ክንዴ ላይ ታድር የነበረችውን ልጅ ነው። አያሌውም ገባውና ብሩሹን ሊያጥብ ወጣ።

ደወልሁ። «ትዕግሥትን ግድግዳ አስጠግተሽ ለኪያት፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ» አልኋት። ወዲያ ማዶ ሳቅና መንኳኳት ሰማሁ።

«ሦስት ክንድ ሊሞላት ትንሽ ይቀራታል» አለች የሻረግ።

«በማን ክንድ?»

«በእኔ ነዋ! እዚህ ማን አለኝና!»

ዓይኔን ጨፍኜ ክንዷን ለማስታወስ ሞከርሁ፤ ከእኔ ሁለት ጣት ያጥራል። ለካሁ፣ ቀነስሁ፣ በእርሳስ ጭረት አደረግሁ። ከደረቴ በላይ ሆነ። ይህችን ያህል ልጅ አለችኝ ማለት ነው። «አገኘሁት፤ ምልክት አደረግሁበት» አልሁ።

ስልኩን ትዕግሥት ቀማቻት።

«አባዬ፣ ቀባኸው?»

«ገና ነው፣ የኔ እመቤት። ምልክት ነው ያደረግሁ።»

«እንዳትቀባው እንግዲህ። እስክመጣ እኮ አድጋለሁ። ከፍ አድርገው።»

«ምን ያህል ከፍ ላድርገው?»

«መቼ ነው የምንመጣው?» አለችኝ።