ማርሊስ ያሸነፈችበት ስብሰባ

ጎረቤቴ ማርሊስ ሁክስትራ የትምህርት ቤታችንን የወላጆች ኮሚቴ ስትመራ ነው ፀጉሯ የሸበተው። የግዛታችን የአዮዋ በረዶ መኪና በሚውጥበት ወር እንኳ ዓርብ ዓርብ ለልጆቹ ፈንዲሻ ማፈንዳቷን አትተውም። ሰው መናቅ ግን ትወዳለች፤ ጓደኛዬ ብትሆንም እውነቱን ልናገር።

ዘንድሮ ብሪያና የምትባል ወጣት እናት ከትልቁ ከተማ ተዛውራ መጣችና፣ «ለምን አገር አቀፉን የወላጆችና መምህራን ማኅበር አንቀላቀልም?» አለች። ሥልጠና አለው፣ ድምፃችንም ምክር ቤት ድረስ ይሰማል ባይ ናት። ማርሊስ ደሟ ፈላ። ያናደዳት የአባልነት መዋጮው አይደለም፣ አለቃ ሊመጣባት መሆኑ ነው። ከዚያ ወንበር ከተነሳች ቀኑን የምትውልበት ሌላ ቦታ የላትም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስብሰባው በስፖርት አዳራሹ ተደረገ። ብሪያና ረጋ ብላ አስረዳች።

«ደግሞ አባልነቱ ለሁሉም ክፍት ነው። ልጅ ኖረውም አልኖረውም፣ መዋጮውን የከፈለ ሰው መምረጥም መመረጥም ይችላል።»

ማርሊስ ብድግ አለች።

«ሰማችሁ አይደል? መንገደኛ ሁሉ ሊያዘን ነው። እኔ የምለው ራሳችንን ችለን እንቆይ። በደንባችንም ላይ፣ ልጁን እዚህ ትምህርት ቤት የማያስተምር ሰው አይምራን ብለን እንጻፍ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ስለሆንኩ ድምፅ አለኝ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። ሁለቱም ሐሳቦች ባንድ ጊዜ ጸደቁ። ማርሊስ ወደ ብሪያና ዞራ ሳቀችባት።

ያኔ ጥግ ላይ ወንበር የሚያጣጥፈው የጽዳት ሠራተኛው ቨርን ጠየቃት።

«ማርሊስ፣ ያንቺ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው?»

የማርሊስ አንድ ልጅ ዴሬክ ጎረቤት ግዛት ነብራስካ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳል። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል።

ብሪያና ደነገጠች። «እርስዎን ማለታችን እኮ አይደለም፣ ለእርስዎ...»

«ደንብ ደንብ ነው» አለች ማርሊስ። ኩራቷ መቼ እሺ ይላታል! የፈንዲሻ ማሽኑን ክፍል ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለብሪያና ሰጠቻት። አንጀቴን በላችው።

ወደ ቤት ይዣት ስሄድ መኪናው ውስጥ ለዴሬክ ደወለች።

«መቼ ነው የምታገባው?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«ምነው እማዬ፣ ድንገት?»

«አንድ ልጅ ወልደህ እዚህ ትምህርት ቤት ብታስመዘግብ ምን ይልሃል?»

ዴሬክ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቆመና፣ «ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አላት።

ማርሊስ ዞራ አየችኝ።

«ለጊዜው አይደለሁም» አለችው።