የሚያነብ ድምፅ ፍለጋ፦ ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ

ጠዋት፣ ከላንቻ

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ልጄ ሰብለ ከላንቻ ተነሣን። ጉዞው ሩቅ አይደለም፤ ከላንቻ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ ነው። ቢሆንም ሰባን ካለፍኩ ወዲህ ለእኔ ከሰፈር መውጣት ራሱ እንደ ጉዞ ስለሚቆጠር፣ ያየሁትን ልጻፈው ብዬ ነው። የተማርኩት የማታ ነው፣ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀረ። አንባቢ ስሕተቴን ይለፈኝ።

ሰብለ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ብዙ በር አንኳኳች፤ በየበሩ በጨዋ ቋንቋ መለሷት። አሁን ካዛንቺስ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት ሊፈትናት ለከሰዓት ስምንት ሰዓት ቀጥሯታል። ፈተናው አንድ ሰዓት ሙሉ ነው፤ ደብዳቤ መጻፍና ሠንጠረዥ መሥራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብለ ኮምፒውተር የምትጠቀመው በጆሮዋ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተከተለ የሚያነብላት ፕሮግራም አለ፤ ስክሪን ሪደር ይሉታል። የእሷ ላፕቶፕ ላይ ያለው ግን ያልተገዛ፣ ለሙከራ የሚሰጠው ነው። አርባ ደቂቃ ያነብና ጭጭ ይላል። እንደገና እንዲናገር ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል፤ የእኛ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ እስኪነሣ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። ፈተናው መሐል ድምፁ ጥሏት ቢሄድስ? እንግዲህ በማለዳ የወጣነው ሙሉውን ለመግዛት ነው። ዕቁብ ደርሶኝ ስምንት ሺህ ብር በውስጥ ኪሴ ይዣለሁ።

"አባዬ፣ ውድ ነው ብዬሃለሁ" አለችኝ በሩን ስንዘጋ።

እኔ ግን ዕድሜዬን የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ ከቆዳ ነጋዴ ጋር ስከራከር ነው ያረጀሁት። የማይወርድ ዋጋ አላውቅም ነበር።

ሜክሲኮ

ታክሲው እስከ መስቀል አደባባይ አሥር ብር አስከፈለን። ረዳቱ ሰብለን "እናቴ፣ እግርሽን ከፍ፣ አዎ፣ በቃ ገባሽ" እያለ አሳፈራት። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን ሜክሲኮ ወረድን። ሕንፃው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ሱቅ ነው፤ ጫማ፣ ስልክ፣ ቻርጀር፣ ሽቶ። ሰብለ ክንዴን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። በደረጃው ለመተንፈስ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ እሷ አልቆመችም።

የኮምፒውተር ሱቁ ባለቤት ፀጉሩን ያንጨባረረ ወጣት ነው። ሰብለ የፕሮግራሙን ስም ነገረችው። ኢንተርኔት ላይ አየና ካልኩሌተሩን መታ መታ አደረገ።

"ወደ ብር ሲመታ ከመቶ ሺህ በላይ ነው፣ ፋዘር።"

"መጨረሻውን ንገረኛ!" አልኩት።

"መጨረሻው ነው።"

"ተው እንጂ ልጄ። እኔ ደንበኛ ልሆንህ ነው የመጣሁት።"

"ፋዘር፣ ማለቴ፣ የእኔ ዕቃ ቢሆን እቀንስልዎት ነበር። ሻጩ እዚህ የለም። ውጭ አገር ነው፣ በዶላር ነው የሚሸጠው።"

"ስልክ የለውም እንዴ? ደውልልኝና እኔ ላናግረው።"

ልጁ ሳቀ፤ ሰብለም "አባዬ!" ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። በሕይወቴ ዋጋ ሲጠራ ፊት ለፊቴ ሰው ይቆማል፤ ፊቱን አያለሁ፣ ጥዬ ልሄድ ዞር እላለሁ፣ መልሶ ይጠራኛል። ይሄ ዋጋ ግን ፊት የለውም። ጥዬው ብሄድ የሚጠራኝ የለም።

ባለሱቁ እንዳዘነልን ያስታውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ክራክ የተደረገ አለ፤ በአምስት መቶ ብር እጭንላታለሁ" አለ።

"ክራክ ምንድን ነው?"

"ቁልፉ የተሰበረ፣ አባዬ" አለች ሰብለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ወደ ኪሴ ሄዷል። ሰብለ ግን ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች። "ባለፈው እንደዚህ ያለውን አስጭኜ ቫይረስ ገባበትና የመመረቂያ ጽሑፌን በላው። ደሞስ ሥራ ልጠይቅ የተሰረቀ ነገር ይዤ ልግባ?"

ደረጃውን ወረድን። አራት ሰዓት አልፏል።

ሻይ ቤት

ሰብለ አብሯት ለተማረው ለሄኖክ ደወለች። እሱም ዓይነ ስውር ነው፤ እዚያው ሜክሲኮ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆኖ ይሠራል። ፈቃድ ጠይቆ መጣ። በትሩን አጣጥፎ ወንበር ሳበና ነገሩን ስትነግረው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

"ቆይ፣ እስካሁን እዚያ ውዱ ላይ ነሽ? ነፃው እያለ!"

"ድምፁ ያስጠላኛላ!"

"የሀብታም ድምፅ ለምደሽ፣ እህቴ!"

ነፃ ሲል ጆሮዬ ቆመ። ነፃ የሚባል ነገር ኋላ ስንት እንደሚያስከፍል ስለማውቅ ጥያቄ አበዛሁበት። ማን ሠራው? ለምን አይሸጠውም? ነገ ክፈሉ ቢሉስ?

"አባባ፣ የጀመሩት ዓይነ ስውሮች ራሳቸው ናቸው" አለኝ ሄኖክ። "ዋጋው ስላንገበገባቸው የራሳቸውን ጻፉ። የቻለ ገንዘብ ያዋጣል፣ ሙያ ያለው ያሻሽለዋል፣ የቸገረው ወስዶ ይሠራበታል። ቁልፍም የለው፣ አርባ ደቂቃም የለው።"

"እንደ ዕድር ድንኳን ነዋ!" አልኩ። "የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው።"

"በቃ፣ እሱ ነው!"

እኔ የገባኝ በዚህ ነው። ሰፈራችን ሰው ሲሞት የድንኳኑን ኪራይ የሚጠይቅ የለም።

ሄኖክ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ላፕቶፗ ላይ ሰካው። ድምፁ ወጣ፤ ጉንፋን የያዘው ዲያቆን ነው የሚመስለው፣ ለዚያውም ቅዳሴ ረፍዶበት የሚሮጥ። እኔ አንድ ቃል አልያዝኩም። እነሱ ግን ይሰሙታል። "እንዲህ ሲፈጥን ምኑን ትሰማላችሁ?" ብል ሄኖክ "እርስዎ ጋዜጣ ሲያነቡ ፊደል ይቆጥራሉ እንዴ?" አለኝ። ፊደል እየቆጠርኩ እንደማነብ አልነገርኩትም።

ሰብለ የተቸገረችው በኪቦርዱ ቁልፎች ነው። ትእዛዝ የሚሰጥባቸው ቁልፎች ከለመደችው ይለያሉ። ጣቷ በልማድ ሌላውን ይነካና ዲያቆኑ የማይሆን ነገር ያነበንባል። "ዛሬ ነው እንዴ የምለውጠው? በፈተና ቀን?" አለች፤ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። ሄኖክ አላባበላትም። "ድገሚው" አለ። ደገመችው። ሽሮ አዝዘን በላን፤ እሷ ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀምሳ እጇን ታጠበችና ቀጠለች። ሄኖክ ፍላሹን ትቶላት ወደ ሥራው ሄደ።

ካዛንቺስ

ካዛንቺስን አውቃታለሁ ብዬ ነበር። ግን በቤቶቹ ነበር የማውቃት፤ ቤቶቹ የሉም። ጠባቡ መንገድ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል፣ መብራቱ ተደርድሯል። ያምራል። እኔ ግን ግራና ቀኝ ባይ የምይዘው ምልክት አጣሁ። ሰብለም "የእህል ወፍጮው ድምፅ የት ሄደ? በእሱ ነበር የምታጠፈው" አለች። ሁለታችንም ቆምን።

በእግረኛው መንገድ መሐል ወጣ ገባ ያለ ቢጫ መስመር ተነጥፏል። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ሰብለ በጫማዋ ዳበሰችውና "ለእኛ ነው እኮ!" አለች። እሷ መስመሩን ይዛ፣ እኔ ሰው እየጠየቅኩ፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረስን።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ምሕረት በትሕትና ተቀበሉን። ሰብለ ላፕቶፗን ስታወጣ ግን "እሱን አስቀምጪው" አሏት። "ተፈታኝ ሁሉ በእኛ ኮምፒውተር ነው የሚፈተነው። ፕሮግራም መጫንም አይቻልም።"

ያን ጊዜ ገባኝ። እንኳን ስምንት ሺህ፣ መቶ ሺህ ብርም ቢኖረኝ የገዛሁት ላፕቶፑ ላይ ተቆልፎ ይቀር ነበር።

"አይጫንም" አለች ሰብለ ቀስ ብላ። "ከፍላሹ ላይ ነው የሚሠራው። ሲነቀል ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይቀርም።"

የኮምፒውተር ባለሙያቸውን ጠሩ። ፍላሹን መረመረና "ችግር የለውም" አለ። በሩ ተዘጋ።

ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ዲያቆኑ ሲለፈልፍ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ጸጥ አለ። ይሄም ጥሏት ሄደ አልኩ። ብድግ ብዬ በመስታወቱ ብመለከት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፤ ጣቶቿ ይሮጣሉ።

ሲያልቅ ወይዘሮ ምሕረት ሥራዋን አዩት። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ድምር ረስታለች፤ ደብዳቤው ደኅና ነው አሉ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሡ። "ብንቀጥርሽ በጀት ማስያዝ ስላለብኝ ነው፤ ፕሮግራሙ ስንት ያወጣል?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ነፃ ነው።"

ሴትየዋ ብዕሩን አስቀመጡት። "ባለፈው ዓመት ለእንደዚሁ ያለ ቦታ አንድ ልጅ መጥቶ ነበር" አሉ። "ፕሮግራሙ ውድ ነው ሲባል ሳንፈትነው መለስነው።"

እኔ ወደ ሰብለ አየሁ። ቦታው አንድ ነው። የሌሎቹ ተፈታኞች ፈተና ገና ሳምንት ይቆያል ብለውናል። ዝም ብትል ልጁ ሳይጠራ ይቀር ነበር።

"ይጥሩታ!" አለች። "ፕሮግራሙ ከሌለው ደግሞ ስልክ ቁጥሬን ይስጡት።"

ማታ፣ ቤት

ታክሲ ውስጥ አኮረፍኳት። "ምን አገባሽ? መጀመሪያ የራስሽ ይታወቅ አይባልም?" አልኳት። "ሄኖክ እንደዚያ ቢያስብ እኔ ዛሬ ምን ይዤ እገባ ነበር?" አለችኝ። የታክሲውን ሒሳብ ከፈልኩ።

ቤት ገብተን እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ሳስበው፣ ጠዋት ስወጣ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ስንት ነው? እንደ ሰብለ ያሉት በምን ይሠራሉ ብዬ አልጠየቅኩም። እሷን የመለሱት መሥሪያ ቤቶችም አልጠየቁም መሰለኝ። ፍርድ ለመስጠት አይደለም፤ እኔ አባቷ ሆኜ አልጠየቅኩማ።

አንድ ሰዓት ግድም ስልኳ ጮኸ። ያ ባለፈው ዓመት ሳይፈተን የተመለሰው ልጅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "ይቅርታ እህቴ፣ ዋጋው ስንት ነው?" አለ።

"ምንም አይከፈልበትም።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለን።

"አለሁ" አለ ኋላ። "ታዲያ እኮ እኔም ልፈተን ነው። ቦታው አንድ ነው አሉኝ።"

"ነግረውኛል" አለች ሰብለ። "ቁልፎቹ መጀመሪያ ያስቸግራሉ፤ ነገ በጠዋት ላንቻ ና፣ አሳይሃለሁ። ለምደኸው እንፎካከር።"