ጠዋት ያልተከፈተው ጉድጓድ

ልጅ ሆኜ፣ ደብረ ኤልያስ አቅራቢያ ባለው ቤታችን፣ ከእራት በኋላ ተረት የሚነግረን አጎቴ አያ ምናለ ነበር። ቀን ቀን እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ምሽት ላይ ደግሞ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይኑን እያስለቀሰው ያወራልናል። በተረቱ ውስጥ አህያዋን ጅብ ሲበላት ወይም ዝንጀሮው ከገደል ሲወድቅ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ኢት ሃፕንስ» ይላል። ያጋጥማል ማለት እንደሆነ ነግሮናል። እኛም ማሰሮ በሰበርን ቁጥር ይህንኑ እያልን እናቴን እናናድዳት ነበር።

ያኔ እህላችን የሚቀመጠው በጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ተዘግቶ ሲከርም የታፈነው አየር ሰው ስለሚገድል፣ ጠዋት ተከፍቶ እስከ ከሰዓት ሲናፈስ ይቆያል እንጂ ወዲያው አይገባበትም። አንድ ቀን እንድከፍተው የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ቅዳሜ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ትምህርት አልነበረም። ኳስ ስጫወት ረሳሁት። ትዝ ያለኝ አያ ምናለና አባቴ ገመድና ስልቻ ይዘው ሲመጡ ሳይ ነው፤ ሮጬ ቀደምኋቸውና ሳያዩኝ ክዳኑን አነሳሁ።

«ጠዋት ነው የከፈትኸው?» አለኝ አያ ምናለ።

«አዎ፣ አያ።»

አባቴ በገመድ አወረደው። ጥቂት ሳይቆይ ድምፁ ጠፋ። ጎረቤት ተጠርቶ አያ ምናለ ተጎትቶ ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ አንደበቱ ግን ተሳሰረ፣ ማስተማሩንም ተወ።

ሊጠይቁት የመጡ ሰዎች «ምን ጉድ ነው? አልተናፈሰም ነበር እንዴ?» ሲሉት፣ ግርጌው የተቀመጥሁትን እኔን አየት አድርጎ በዝግታ «ኢት... ሃፕንስ» አለ።

አንዱ ጎረቤት «እንግሊዝኛውስ አልጠፋበትም፤ የጠፋበት አማርኛው ነው» ብሎ ሰዉን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ አስተያየቱ አውቆ ሊሸፍነኝ ይሁን፣ ወይስ እንዲያው ዓይኑ አርፎብኝ፣ ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ፤ እርግጠኛ መሆን ግን አልቻልሁም።

አሁንም ከደብረ ማርቆስ ልጠይቀው ስሄድ ተረት ይጀምርልኛል። መካከሉ ላይ ሲደርስ ይጠፋበትና ፍሙን ያያል። ያን ጊዜ ቀጣዩን እኔ እነግረዋለሁ፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ይከተለኛል። ተረቶቹን ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። የዚያችን ቅዳሜ ጠዋት ግን እስካሁን አልነገርሁትም።