እጩ ሙሽራው ያቀረበው እርምት

ረጋሳ በካዛንቺስ ፎቆች ሊፍት የሚጠግን የአርባ ዓመት ሰው ነው። ሰፈሩ ስለ እርሱ የሚናገረው ብዙ፣ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሲያነጋግሩት ዓይን ዓይናቸውን ስለማያይ ኩሩ ይሉታል፤ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ስለሚወጣ ክፉ መንፈስ ያደረበት፤ «ግባ፣ ምሳ ብላ» ሲባል እውነት መስሎት ስለሚገባ ደግሞ ሆዳም። ይህን የመጨረሻውን ፍርድ የሰጡት፣ ምሳ ሳይኖራቸው የጋበዙት ናቸው።

አንድ ቀን በሬዲዮ አንድ ባለሙያ ስለ ኦቲዝም ሲናገር ሰማና ሥራውን አቁሞ አዳመጠ። የሚነገረው የእርሱ ሕይወት ነበር። ሊመረመር ወደ አንድ ክሊኒክ ቢሄድ «ልጁን ይዘኸው ና» አሉት። ልጅ እንደሌለው ነግሯቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሐኪም ወረቀት ባይኖረውም ራሱን በዚያ ስም ያውቃል። ኡራኤል አጠገብ መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ለደራርቱም ይህንኑ ነገራት። እርሷ የማያስመስል ወንድ ስትፈልግ ኖራ ነበርና አልደነገጠችም። ሊጋቡ ቆረጡ።

አቶ አምኃ በሽምግልና የታወቁ፣ በውሸታቸውም የተከበሩ ሰው ናቸው። ረጋሳ ሲልካቸው ባልንጀሮቻቸውን አስከትለው ወደ ደራርቱ አባት ወደ አቶ ዋቅጋሪ ቤት ሄዱ። ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጁን መመለስ ወግ ነውና፣ አባትየው ልጃችን ለትዳር አልደረሰችም ብለው ሸኟቸው። ሁሉም ረክቶ ተለያየ። መልሱ ሲነገረው ያልረካ ረጋሳ ብቻ ነበር፤ አባት የልጃቸውን ዕድሜ መሳታቸው አሳሰበው። በማግስቱ፣ አግቢ ድርሽ በማይልበት ደጅ ብቻውን ቆሞ፣ ደራርቱ ሠላሳ አራት ዓመቷ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። አቶ ዋቅጋሪ በሩን ዘጉበት።

ጋብቻው ሊፈርስ ሆነ። አቶ አምኃ ለይቅርታ ይዘውት ሊሄዱ ተስማሙ፤ በመንገድም ሰክሬ ነበር እንዲል መከሩት። ስለ ኦቲዝሙ እንደሚናገር ቢነግራቸው፣ ሐኪም ያላለውን በሽታ በገዛ አፉ የሚጠራ ሞኝ ብቻ ነው አሉት። በእኛ ዘንድ ስካር ይቅርታ አለው፤ ይቅርታ የሌለው ሳይሰክሩ እውነት መናገር ነው።

«ልጁ ያን ዕለት ጠጥቶ ነበር፤ ለእኔ ሲሉ ይማሩት» አሉ አቶ አምኃ፣ ገና ሳይቀመጡ።

አቶ ዋቅጋሪ ወደ ረጋሳ ዞሩ። «ጠጥተህ ነበር ወይ?»

«ጠጥቼ አላውቅም» አለ ረጋሳ ምንጣፉን እያየ። «የሚነገረኝን እንዳለ ነው የምቀበለው። አልደረሰችም ሲሉ የተሳሳቱ መስሎኝ ነው። ኦቲዝም አለብኝ ብዬ አምናለሁ፤ ሐኪም ግን አላየኝም። ደራርቱ ታውቃለች።»

አቶ አምኃ አቀረቀሩ፤ ስለ ዋሹ ሳይሆን ስለ ተነቃባቸው። አባትየው ሁለቱን አስተያይተው የትኛው እውነት እንደ ተናገረ አወቁ። ጥበበኛ ሆነው አይደለም፤ ለገሃር ላይ የኖሩ ነጋዴ ናቸውና ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ይለያሉ።

«ሽማግሌ ለውጥና ተመለስ» አሉት በመጨረሻ።

ጨዋ እጩ እዚህ ላይ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ረጋሳ ግን «መቼ?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ዋቅጋሪም፣ «እንግዲህ እናያለን» ለማለት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ ሰውየው ቆሞ እንደሚጠብቅ ስለ ገባቸው፣ «እሑድ» ለማለት ተገደዱ።